በጾመኛዋ ደም ውስጥ የተገኘ ስብ

ሁዳዴ በገባ በአምስተኛው ሳምንት የእናቴ ደም ውስጥ ስብ ተገኘ።

ያገኘው የላቦራቶሪ ባለሙያው ነው። እኔ ቡሬ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ ስም እጽፋለሁ፣ ዕድሜ እጠይቃለሁ፣ «እዚያ ወንበር ላይ ይጠብቁ» እላለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ስላልመጣልኝ እዚያ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ደግሞ አልወድም። ሰው ቀነስ ባለ ቁጥር የላቦራቶሪው በር ላይ ቆሜ ባለሙያውን በጥያቄ አደርቀዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን የጠራኝ እሱ ነው።

«ነይማ፣ ይቺን እያት» አለና አንዲት የደም ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አድርጎ ያዘ። ደሙ ከሥር ረግቷል። ከላይ የጠለለው ውሃ ጥርት ያለ ቢጫ መሆን ሲገባው እንደ አጓት ነጥቶ ደፍርሷል።

«የማን ነው?»

«የእናትሽ። ቅቤ ይጠጣሉ እንዴ?»

«በሁዳዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ደሙ ነው የሚለው። ኮሌስትሮሉም፣ ያኛውም ስብ፣ ሁለቱም ጣራ ነክተዋል።»

እናቴን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ሰባቱን አጽዋማት ትጾማለች፣ ሰው የቄሶች ነው እያለ የሚዘለውን የሰኔን ጾም ሳይቀር። ያም አንሷት ጽጌን ትጨምራለች። በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ በአፏ አይዞርም። የምትኖረው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ወርዶ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግር በሚያስኬድ ገጠር ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከታላቅ እህቷ ጋር ጎን ለጎን ይኖራሉ። ያን ዕለት ክሊኒክ ያመጣኋት ድካሟ ስለባሰ ነው። በመጋቢት ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትንዘፈዘፋለች። ድምፅዋ ጎርንኗል፣ ቅንድቧ ከዳር ከዳር ረግፏል፣ አንድ ነገር ስትጠየቅ መልሱ ከሩቅ አገር ተጉዞ የሚመጣ ይመስላል። እኔ ግን ከልጅነቴ እንደዚህ ሆና ነው ያወቅኋት። የሰው እናት ሁሉ ብርዳም ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሳስበው በወጉ መንገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው በተሰበሰበበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለች ፊቷ ቆሜ፣ «እማ፣ ደምሽ ውስጥ ስብ ተገኝቷል» አልኳት።

«ስብ?»

«ስብ።»

«የምን ስብ?»

«እኔ እንጃ። ብዙ ነው።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችና ግራ ቀኙን አየች። አጠገቧ ከእኛው ደብር የመጡ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። መስማታቸውን ያወቅኩት በዚያ ነው።

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ» አለችኝ።

ሐኪሙ የስብ መቀነሻ ኪኒን ጻፈላት፤ «ቅባት ይቀንሱ» ብሎም መከራት። በሁዳዴ! ከምኑ ላይ ነው የምትቀንሰው?

ቅዳሜ አገር ቤት ስሄድ ድስቱ ሁሉ ደጅ ላይ ተሰልፎ አገኘሁት። እናቴ ሳር ላይ ቁጭ ብላ በአመድ ትፈትጋለች። በእኛ ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት አይነካካም፤ ሁዳዴ ሲገባ የፍስኩ ታጥቦ ቆጥ ላይ ይወጣል። አሁን ግን ሁለቱም ወርደው ጎን ለጎን ተደፍተዋል።

«ተነካክቶ ይሆናል» አለችኝ ቀና ሳትል። «ዘይቱንም ደፍቼዋለሁ። ምን እንደቀላቀሉበት በምን ይታወቃል?»

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። «አንቺ ሴት! ቅቤ በሕልምሽ ብታይ እንኳ ሮጠሽ ለንስሐ አባትሽ የምትናገሪ፣ አሁን በድስት ልትኮነኚ ነው?»

«አትሳቂ። ደሜ መስክሮብኛል።»

«ደምሽ ውሸታም ይሆናላ!»

እናቴ አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ወዲያ ወጥ ተወች። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ አንድ እፍኝ ንፍሮና ውሃ፤ በቃ። ሰው መርዝ ጠጣሁ ብሎ ሆዱን እንደሚያጥብ ጾሟን በጾም ታጥባለች። ኪኒኑንም ያኔውኑ ትውጣለች። በሳምንቱ ጭኗ ሁሉ ታመመ፤ ከተቀመጠችበት ለመነሣት ግድግዳ መደገፍ ጀመረች።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ያልገባ ነገር እንዴት ይገኛል? ባዶ ጎተራ ውስጥ ማን እህል ጨመረ? ሰኞ ጠዋት ካርድ ሳላወጣ ቀጥታ ላቦራቶሪ ገባሁ።

«ስቡ ከየት መጣ?»

«ጀመረች ደግሞ!» አለ ባለሙያው ጓንቱን እየሳበ። «ጉበት ራሱ ይሠራዋል። ሰው ባይበላም ይሠራል።»

«ታዲያ የአንተ ደም ለምን አጓት አልሆነም?»

«ጉበት ይሠራል፣ ኋላም ራሱ ከደም ላይ መልሶ ያነሣዋል። የሚያነሣ ከጠፋ እዚያው ይቀራል።»

«አንሣ ብሎ የሚያዘው ማን ነው?»

ጣቱን ጉሮሮው ላይ አደረገ። «ይቺ ታይሮይድ የምትባለዋ ዕጢ ትሆናለች። እሷ ስትሰንፍ ስብ ይከማቻል። ብርዱም፣ ድካሙም፣ የቅንድቡም መርገፍ ከእሷ ጋር ይሄዳል። እስኪ ደሟን ልላከው።»

ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር። ናሙናው መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ በሆሳዕና ሰሞን ተላከ፣ መልሱም በስልክ መጣ፤ ታይሮይድ ደህና ነው። የተለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ልክ ነው።

«በቃ ዝጊው» አለኝ። እኔ ነገር መዝጋት አላውቅበትም፤ ግን ምን ልክፈት? የአሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ ደብተሬን ከሻንጣ ሥር አውጥቼ የዕጢዎችን ሥዕል አየሁት። አንገት ላይ ካለችው በላይ፣ ከአንጎል ሥር፣ አንዲት ትንሽ ፍሬ ተንጠልጥላ ተሥላለች፤ ከእሷ ወደ ሁሉም ቀስት ይወርዳል። አስተማሪያችን «ፒቱታሪ፣ የሁሉም አለቃ» ብሎ አስጽፎናል። ቀስቱን በጣቴ ተከትዬ አንገት ላይ እስካለችው ዕጢ ድረስ ወረድኩ። ከዚያ በላይ አልገባኝም። ደብተሩን ዘጋሁት።

ስቅለት ደረሰ። በስቅለት ቀን ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ውሎ ማታ ካህናቱ ዘንድ ይቀርባል፤ ኃጢአቱን ይናገራል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጎ የሚሰግደውን ቁጥር ይነግረዋል። እናቴ ለንስሐ አባቷ ምን እንዳለች ከኋላዋ ተሰልፌ ሰምቻለሁ።

«አባቴ፣ ሳላውቅ ጾም ሽሬያለሁ። በደሜ ተገኝቶብኛል።»

«ሳያውቁ የሚሻር ጾም የለም፣ ልጄ» አሏት። «አርባ ስገጂ፣ ይበቃሻል።»

«አይበቃኝም። ይጨምሩልኝ።»

እሺ ብለው ጨመሩላት። ሃያኛው ላይ ይሁን ሠላሳኛው አላውቅም፤ እንደተደፋች ቀረች። ሰው የምትጸልይ መስሎት ጥቂት ጠበቀ። እኔ ግን እጇን ስይዘው እንደ ምንጭ ድንጋይ በርዷል፤ ግንባሯ ደግሞ በላብ ርሷል። በቃሬዛ እስከ አስፋልት፣ ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረስናት። ስኳሯ ወርዶ ወርዶ ሊያልቅ ነበር። ግሉኮስ ሲገባላት ዓይኗን ገለጠችና መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ይኼ የሚገባው ነገር የጾም ነው?» ብላ ነው።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ሳቁን ዋጠ። «የጾም ነው እናቴ። ስኳርና ውሃ ነው» አላት። እኔን ግን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ «ሰው ጾሞ ይደክማል እንጂ እንዲህ አይሆንም። ሌላ ነገር አለ። ባሕር ዳር ውሰጃት፤ ሳታሳዪያት እንደገና እንዲህ ብትጾም ላትነሣ ትችላለች» አለኝ።

ፋሲካን አሳልፈን አክስቴም ተጨምራ ባሕር ዳር ሄድን። ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ቶሎ ቶሎ የማትናገር ሴት ናት። ወረቀቶቹን ሁሉ አገላብጣ ወደ ጎን አደረገቻቸው። ስለ ድስት፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ቅቤ አንድ ነገር ትጠይቃለች ብዬ ነበር።

«ስንት ወልደዋል እናቴ?» አለች።

«አምስት።»

«የመጨረሻውን ልጅ ጡት አጥብተዋል?»

እናቴ ነጠላዋን ሳበች። አክስቴ እናቴን አየች። እኔ ሁለቱንም አየሁ። አምስተኛዋ እኔ ነኝ።

«ወተቱ አልመጣም» አለች እናቴ።

«ጭራሽ?»

«ጠብታ የለም። ከእሷ በፊት ያሉትን አራቱን እስኪተርፋቸው ነው ያጠባሁት።»

«የወር አበባስ?»

«ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ሠላሳ ዓመትም አልሞላኝ ነበር። ያረጀሁ መሰለኝ።»

«ሲወልዱ ብዙ ደም ፈሷል?»

ይኼን የመለሰችው አክስቴ ናት። «አይ ደም! መደቡን አልፎ እስከ ደጃፉ ድረስ ሄዷል። ለሁለት ቀን ነፍስ አታውቅም ነበር። እኛ ከፈን ስናስብ ነቃች። ይቺን እኔ ነኝ ያጠባኋት፣ ከራሴ ልጅ ጋር፣ ግራና ቀኝ። ነካሽ ነበረች።»

ይኼን ታሪክ በቁርጥራጭ ሰምቼው አውቃለሁ፤ «የአክስትሽን ጡት ጠብተሽ ነው ምላሷ የተጋባብሽ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ወተቱን ዓይን በላው ይሉ ነበር። ከስቡ ጋር የሚያገናኘው ክር ይኖራል ብሎ ግን ማን ያስባል?

ሐኪሟ በወረቀት ላይ ራስ ቅል ሣለች። ከአንጎሉ ሥር፣ ከአፍንጫው ጀርባ፣ አንዲት ነጥብ አደረገች። «ይቺ የሽምብራ ፍሬ ታህላለች። በእርግዝና ጊዜ ታብጣለች፤ ደም አብዝታ ትፈልጋለች። ልክ በዚያን ጊዜ ደሙ ሁሉ ሲፈስ እሷ ትራባለች፤ ከረሃቡም ብዛት ትሞታለች። ወተት ና የምትል እሷ ናት። የወር አበባን የምታዝ እሷ ናት። ታይሮይድን የምትቀሰቅስም እሷ ናት። አሁን ደም ልኬ ነው የማረጋግጠው፤ ግን ሌላ ይሆናል ብዬ አላስብም።»

«ሽምብራ ናት እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ያሰቃየቻት?» አለች አክስቴ።

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ታይሮይዱ ተለክቶ ደህና ተብሏል እኮ!»

«የተለካው ታይሮይዱ ራሱ አይደለም። ከላይ የሚመጣለት ትእዛዝ ነው። ምን ተምረሻል አንቺ?»

«አሥራ ሁለትን። አላለፍኩም።»

«ከሚያልፉት ብዙዎቹ ይኼን አይጠይቁኝም» አለችና የሚለካውን ሁሉ ጻፈች። ውጤቱ እንዳለችው መጣ። የታይሮይዱ ሆርሞን ከሥር ነው፤ የጠዋት ብርታት የሚሰጠው ሌላኛውም ሆርሞን፣ ሰው በባዶ ሆዱ ስኳሩ እንዳይወድቅ የሚይዘው፣ የለም ቢባል ይቀላል።

እናቴ ሁሉንም በጸጥታ አዳምጣ፣ «ታዲያ ቅቤው?» አለች።

«የቱ ቅቤ?»

«በደሜ የተገኘው።»

«ቅቤ አልነበረም እናቴ። የራስዎ ጉበት የሠራው ነው፤ ከደም ላይ አንሣ የሚለው ስላጣ ነው የቀረ። ጾም አልሻሩም።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። አክስቴ ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት፤ «ብዬሽ አልነበር? ውሸታም ደም!»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አክስቴ አልገባኝም ብላ ያዘችኝ። «እሺ» አልኳት፣ «እናንተ ደቦ ላይ ዘፈን አውራጅ አለ አይደል?»

«አለ እንጂ።»

«እሱ ዝም ቢል አጫጆቹ ምን ይሆናሉ?»

«ወገባቸውን ይዘው ይገተራሉ፤ ወሬ ይጀምራሉ።»

«የእማ አጫጆች ደህና ናቸው። አንዱ አንገቷ ላይ ነው፣ የብርታቱን ሆርሞን የሚሠሩት ሁለቱ ከኩላሊቶቿ በላይ ናቸው። ድምፁ የጠፋው አውራጁ ነው። አጫጅ ሲሰንፍ ደግሞ አውራጅ ይጮሃል፤ ያ የመጀመሪያው ምርመራ የሚለካው ጩኸቱን ነው። ጩኸት ስላልተሰማ ሰነፍ የለም ተባለ። አውራጁ ራሱ ድምፅ አጥቶ እንደሆነ ማን ጠየቀ?»

አክስቴ ትንሽ አሰበች። «እህሉስ?»

«የቱ እህል?»

«ያልታጨደው።»

«እሱ ነው ስቡ» አልኳት። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን እሷ ራሷ ነች የደረሰችበት።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። መጀመሪያ የብርታቱ ብቻ ተጀመረ፤ ጠዋት፣ ከምግብ ጋር። ያኛው ሥር ከያዘ በኋላ የታይሮይዱ ተጨመረ፣ ከምግቡ ቀደም ብሎ። ሐኪሟ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ አስጠንቅቃናለች። ጭኗን ያሳመማት የስብ መቀነሻውም ቆመ። ጊዜው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ስለሆነ ጾም የለም፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። እናቴ ኪኒኗን ዋጠች፣ ቁርሷን በላች፣ ጋቢዋን ጣለች። አንድ ቀን ከኋላዬ በፍጥነት እየተራመደች ደረሰችብኝና ደነገጥኩ፤ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም። ስቡም ክሊኒካችን ስንለካው ግማሽ መንገድ ወርዷል። ባለሙያው ወረቀቱን ሦስቴ አነበበው።

ከዚያ የሰኔ ጾም ገባ። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት አክስቴ ደወለችልኝ፤ «እምቢ ብላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከምግቤ ጋር እውጠዋለሁ ትላለች።» ከሥራ አስፈቅጄ በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግሬ ሮጥኩ። ሐኪሟ ጠዋት ባዶ ሆዷን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆየች የስቅለቱ ይደገማል ብላኛለች። እናቴን አልተከራከርኩም፤ ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም። በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቷ ሄድኩ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። አንቺ በጠራንሽ ቀን የማትመጪ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«ጾም እናቴን ሊገድልብኝ ነው።»

«ጾም ሰው አይገድልም።»

«የእሷ ይገድላል።»

ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙኝ። ሽምብራዋ ጋ ስደርስ ጣታቸውን ቅንድባቸው መካከል አድርገው፣ «እዚህ?» አሉኝ። «ከዚያ ወደ ውስጥ» አልኳቸው። «አጃኢብ ነው» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ያን ቀን ጨምሩልኝ ስትለኝ ጨመርኩላት እኮ» አሉ። ለአንድ ጊዜ ዝም ማለት ቻልኩ።

ተነሥተው መጡ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መስቀል ተሳለመች።

«ሰውነትሽ የታመመ ነው፣ ለታመመ ሰዓት የለበትም» አሏት። «ወጡ የጾም ወጥ ነው፤ ጠዋት ብይው። እኔ ፈትቼሻለሁ።»

«አባቴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቄያለሁ። አሁን ማን ይጠብቅልኛል?»

አባ ዞር ብለው አዩኝ። በመንገድ የገዛሁትን ዳቦ እየገመጥኩ ነበር።

«ይቺ ትጠብቅልሽ» አሉ።

«እኔ?»

«አንቺ። እናትሽ ስትበላ አንቺ ትጾሚያለሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ጾሙ ከቤቱ አልወጣም ማለት ነው።»

አክስቴ በሳቅ ፈረሰች። «ይቺ? ይቺማ ስድስት ሰዓት ከደረሰች ታቦት ይውጣላት!»

እናቴ አልሳቀችም። አተኩራ እያየችኝ ነው። እምነቷን በእኔ ትከሻ ላይ ልትጭን ነው፤ ይችላል አይችልም ብላ ትመዝነኛለች። «ትችያለሽ?» አለችኝ።

ዳቦውን ለአክስቴ ሰጠኋት። «እችላለሁ» አልኩ፣ እልህ ይዞኝ።

ኪኒኗን በውሃ ዋጠች። ጥቂት ቆይታ እንጀራ በሽሮ አቀረበች፤ አባ ባርከውላት እስክትጨርስ ቆሙ። እኔ ሽታው እንዳይደርሰኝ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

አባ ከሄዱ በኋላ እናቴ እጇን እየታጠበች፣ «አንቺ» አለችኝ፣ «ያቺ ሽምብራ የሞተችባት ሴት እኔ ብቻ ነኝ?»

«አይደለሽም ይሆናል።»

«ከወንዙ ማዶ ያለችው ሴትዮ መንታ የወለደች ጊዜ እንደኔው ደሟ ፈስሶ ነበር። ወተት አልመጣላትም። እሷም በፀሐይ ትንዘፈዘፋለች፣ ሰው ሰነፍ ናት ይላታል።» እጇን በነጠላዋ አደረቀች። «ሄደሽ ጠይቂያት። በወጉ ጠይቂ፣ ሰው ፊት እንዳታነሺው።»

«አሁን?»

«ምን ታደርጊያለሽ ታዲያ? መብላት እንደሆን አትበይም።»

ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ገና አልሞላም። ወንዙን ለመሻገር ጫማዬን አወለቅኩ።